ጉልበቱ ከየት መጣ? ዋሸራስ የት ገባ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ዋልታ ብርሃን፣ በምድር ዋልታዎች አካባቢ በሌሊት ሰማይ ላይ ስለሚታየው ባለቀለም ብርሃን፣ ያወጣችሁትን ዘገባ መጀመሪያ ያየሁት ደብረ ማርቆስ፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው። ተማሪዬ ጋዜጣውን ደብተሩ ውስጥ አጥፎ አመጣው። «ቲቸር፣ እርስዎ ያሉን ሌላ ነው፤ ይኸው እዚህ ተጽፏል» አለኝ። በልጁ አልተናደድኩም። በእናንተ ነው የተናደድኩት።

«ቅንጣቶቹ ጉልበታቸውን ከፀሐይ ይዘው መጥተው ዋልታውን ይመታሉ» ብላችኋል። ስህተት ነው! ከፀሐይ በሚፈልቀው የቅንጣቶች ጅረት፣ በፀሐይ ነፋስ ውስጥ ያለ አንድ ኤሌክትሮን ጉልበቱ 10 ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ዋልታ ብርሃኑ በድንገት በሚደምቅበት፣ ንዑስ ማዕበል በምንለው የመግነጢሳዊ መስክ መናወጥ ጊዜ ግን ሳተላይቶች በአስር ሺዎች፣ አልፎም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ይለካሉ። ያን ሁሉ ከየት አመጣው? እዚሁ ደጃችን፣ የምድር መግነጢሳዊ መስክ በሚገዛው ሕዋ፣ ማግኔቶስፌር ውስጥ ነው ያገኘው።

እኔ ልጆቹን ያስረዳሁት በላስቲክ ወንጭፍ ነው። የፀሐይ ነፋስ በሌሊቱ በኩል ያለውን የምድር መግነጢሳዊ መስክ እንደ ጅራት ይለጥጠዋል። ሲበዛበት መስመሮቹ ተበጥሰው እንደገና ይገጣጠማሉ፣ ወደ ምድርም ይስፈነጠራሉ። ጠጠሩን ከጨሞጋ ወንዝ ዳር ልትለቅሙት ትችላላችሁ። የሚያስወነጭፈው ግን ላስቲኩ ነው።

እርግጥ መግነጢሳዊ መስክ ብቻውን ቅንጣትን ያዞራል እንጂ ጉልበት አይጨምርለትም። ሲለዋወጥ ግን የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል፤ ቅንጣቱን የሚያፈጥነው ያ ነው። የፋራዳይ ሕግ ነው፣ ሁለተኛ ደረጃ የምናስተምረው! እ.ኤ.አ. በ2008 ቴሚስ የተባሉት 5 የናሳ ሳተላይቶች፣ ይህ የመስመሮቹ መበጠስና መገጣጠም የሚጀምረው የጨረቃን ርቀት ሲሶ ያህል ርቆ እንደሆነ አሳይተዋል። ለአንድ የፊዚክስ መምህር መደወል ይህን ያህል ከበዳችሁ? አምና የጻፍኩላችሁንም ደብዳቤ አላወጣችሁትም።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን «እኛን አይመለከተንም» ያላችሁት ነው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ የሚያልፈው በአገራችን ላይ ነው። ማዕበሉ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ መስክ እኛ ሰማይ ድረስ ይዘልቃል፣ አዮኖስፌሩን፣ በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ያሉበትን የላይኛውን የአየር ንብርብር፣ ያናውጣል፣ ጂፒኤስም ያዛባል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ ሰማይ የሚያጠና ዋሸራ የሚባል ቤተ ሙከራ አለ። ስሙን የሰማ ጎጃሜ ሁሉ የቅኔ ቤቱን ያስታውሳል። እናንተ ግን በአንድ ቃል እንኳ አላነሳችሁትም።

እርማት አውጡ። ልጁ ሰኞ ይጠይቀኛል፤ ቆርጬ ሰሌዳው አጠገብ ልለጥፍለት እፈልጋለሁ።

የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ