ራስን ለመከላከያ ሽጉጥ ጥይት ሲመረጥ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሱቅ የሚጠብቁና ሌሊት የሚሠሩ ወገኖቻችን ሽጉጥ ከመግዛታቸው በፊት ማወቅ ስላለባቸው ነገሮች በቅርቡ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጠቃሚ ነበር። ስለ ሽጉጡ ዓይነት፣ ስለ ዋጋውና ስለ ፈቃዱ በቂ ተብሏል። ስለሚጎርሰው ጥይት ግን ምንም አልተባለም። ብዙ ሰው ሽጉጡን ለመምረጥ ወር ሙሉ ሲያማርጥ ከርሞ፣ ጥይቱን ሲገዛ ከመደርደሪያው ላይ ርካሹን አንስቶ ይወጣል። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ የስህተቱ ዕዳ ከግድግዳው ማዶ ለተኛው ጎረቤትም ይተርፋልና።

ርካሹ ባለ 50 ፍሬ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ፉል ሜታል ጃኬት የሚባለው ነው፤ አረሩ መዳብ የለበሰ፣ ጫፉ ድቡልቡል። ለልምምድ ይሁን፤ ለቤት ግን አይሆንም። የ9 ሚሊ ሜትሩ ድፍን አረር ቅርጹን ስለማይለውጥ፣ የሰውን ሥጋ ተክቶ ለፍተሻ በሚያገለግለው ጄላቲን ውስጥ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ዘልቆ ይሄዳል። በሰው ላይ ሲሆን ገብቶ ይወጣና ከኋላ ያለውን ያገኛል። ለመከላከያ የተሠራው ሆሎው ፖይንት ነው። ጫፉ የተቦረቦረ ስለሆነ እርጥብ አካል ሲያገኝ ጉድጓዱ በፈሳሽ ይሞላል፣ ከንፈሩም እንደ አበባ ይከፈታል። ሲሰፋ ይገታል፤ በአብዛኛው እዚያው ይቀራል።

ታዲያ መስፋቱ ብቻ አይበቃም። ይህን ሁሉም ሰው የተማረው በኤፕሪል 1986 እ.ኤ.አ. ማያሚ ውስጥ የአሜሪካ ፌደራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) መርማሪዎች ከሁለት ባንክ ዘራፊዎች ጋር ሲታኮሱ ነው። ከዘራፊዎቹ አንዱን ገና በመጀመሪያ ላይ ያገኘው ባለ 115 ግሬይን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ሆሎው ፖይንት ክንዱን በስቶ ደረቱ ውስጥ ገባ፤ ነገር ግን ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሰውየው መተኮሱን ቀጠለ። ሁለት መርማሪዎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ ኤፍቢአይ ዛሬም የሚሠራበትን መለኪያ አወጣ፦ አረሩ በጄላቲን ውስጥ ቢያንስ 12 ኢንች፣ ቢበዛ 18 ኢንች መዝለቅ አለበት፤ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የሰው ደረት ይህን ያህል ጥልቀት የለውም የሚል ሊኖር ይችላል። እጁን የዘረጋ ወይም በጎኑ የቆመ ሰው ግን አረሩ መጀመሪያ ክንዱን ማለፍ ይኖርበታል፤ ቁጥሩ የመጣው ከዚያ ነው።

ፍተሻው በባዶ ጄላቲን ብቻ አያበቃም። በወፍራም ልብስ፣ በቆርቆሮ፣ በጂብሰም፣ በኮምፔንሳቶና በመኪና መስታወት በኩልም ይተኮሳል። ለእኛ ትልቁ ነገር ልብሱ ነው። በክረምት ካፖርት፣ ሹራብና ቲሸርት ደርቦ የሚሄድ ሰው ላይ ደካማ ሆሎው ፖይንት ጉድጓዱ በጨርቅ ይደፈንና ሳይከፈት እንደ ድፍን አረር ያልፋል። ስለዚህ በሳጥኑ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ትታችሁ፣ ፋብሪካው በወፍራም ልብስ በኩል ያገኘውን ውጤት ፈልጉ። ፌደራል ኤችኤስቲና ስፒር ጎልድ ዶት የተባሉት የሆሎው ፖይንት ዓይነቶች በባለ 124 እና ባለ 147 ግሬይን ክብደታቸው ለዓመታት በፖሊሶች እጅ የተፈተኑ ናቸው። እኔ ለ9 ሚሊ ሜትር ከእነዚህ አልወጣም። አዲስ ስም ይዘው የሚመጡትን፣ አረሩ ይበታተናል እየተባለ የሚወደሱትን ቀላል ጥይቶች አልመክርም፤ ጥልቀት ያንሳቸዋል።

በጥይት መጠን 9 ሚሊ ሜትር ወይስ 40 ወይስ 45 የሚለው ክርክር የሚያዋጣ አይመስለኝም። ኤፍቢአይ ራሱ ከ9 ሚሊ ሜትር ተነስቶ በ10 ሚሊ ሜትርና በ40 በኩል ዞሮ ተመልሶ 9 ላይ አረፈ፤ ምክንያቱም ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ኃይል ቀለል ስለሚል ተኳሹ ቶሎና አስተካክሎ ይመታል፣ ካዝናውም ብዙ ይይዛል። 380 የተባለችው ትንሿ ጥይት ግን ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ጉልበቷ አነስተኛ ስለሆነ ብዙዎቹ ሆሎው ፖይንቶቿ ከተከፈቱ አይዘልቁም፣ ከዘለቁ አይከፈቱም።

9 የሚለው ቁጥርም ያሳስታል። አገር ቤት የምናውቀው ማካሮቭ የሚጎርሰው 9 በ18 ነው፤ እዚህ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው 9 ሚሊ ሜትር ሉገር 9 በ19 ነው፤ 380 ደግሞ 9 በ17 ነው። ሦስቱም አይተካኩም። በአፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ከቀለሃው ቂጥ ጽሑፍ ጋር ሳታመሳክሩ አንድ ፍሬም አታጉርሱ። ግፊቱ ከተለመደው ከፍ ያለው፣ ፕላስ ፒ የተባለው ጥይትም የራሱ ነገር አለው። የተለመደው 9 ሚሊ ሜትር የግፊት ጣሪያው 35,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲሆን ፕላስ ፒው 38,500 ነው፤ የሽጉጡ መመሪያ መጽሐፍ ካልፈቀደ ይቅርባችሁ።

ጥይቱ ከተመረጠ በኋላ በእናንተው ሽጉጥ መሞከር አለበት። የሆሎው ፖይንት ሰፊ አፍ ከካዝናው ወጥቶ ወደ አፈሙዙ በሚወጣበት ዳገት ላይ ሊይዝና ሊቀረቀር ይችላል፤ በድፍኑ ጥይት አንድም ቀን ያልቆመ ሽጉጥ በዚህኛው ሊቆም ይችላል። ቢያንስ 50 ፍሬ፣ ከተቻለ 100፣ በሁሉም ካዝናዎቻችሁ አዳርሳችሁ ተኩሱ። የተወሰነውን በአንድ እጅ ሞክሩት፤ የላላ አያያዝ ብቻውን ሽጉጥን ያስቆማል። ከተቀረቀረ መጀመሪያ ካዝናውን ቀይሩ፤ ያው ከሆነ ጥይቱን ቀይሩ። ባለ 20 ፍሬው የሆሎው ፖይንት ሳጥን ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ይህ ግን የሚቆጠብበት ቦታ አይደለም። የዕለት ልምምዱን ክብደቱ ተመሳሳይ በሆነ ርካሽ ጥይት አድርጉት።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አደጋ አለ። ማታ አጉርሶ ጠዋት የሚያወጣ ሰው ያችኑ አንዲት ፍሬ መልሶ መላልሶ ያጎርሳታል። በእያንዳንዱ ጊዜ አረሩ ከዳገቱ ጋር እየተጋጨ ወደ ቀለሃው ውስጥ ይሰምጣል። ባሩዱ ያለበት ቦታ ሲጠብ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል፤ በተለይ በ40 ጥይት ሽጉጡን ሊያፈነዳ ይችላል። የጎረሰችውን ፍሬ ከአዲስ ጥይት ጎን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ጫፍ ለጫፍ አስተያዩ። በጥፍር ውፍረት እንኳ ካጠረች አትተኩሷት፤ ለተኩስ መለማመጃው ሠራተኞች አስረክቧት። ያላጠረችውንም ከካዝናው ሥር እያደረጋችሁ ፍሬዎቹን ተራ አስይዟቸው። ሽጉጡን ዘይት ስትቀቡ ጥይቱ አጠገብ አይኑር፤ ዘይት በቀለሃው ቂጥ ወዳለው መለኮሻ ሰርጎ ከገባ ጥይቱ ይከሽፋል።

ስለ አፓርትመንት ኑሮ ደግሞ አንድ የተሳሳተ እምነት ላንሳ። ሆሎው ፖይንት ግድግዳ አያልፍም የሚባለው ውሸት ነው። የአሜሪካ አፓርትመንት የውስጥ ግድግዳ ግራና ቀኝ ግማሽ ኢንች ጂብሰም፣ መሐሉ ባዶ ነው። ሆሎው ፖይንት በጂብሰም ዱቄት ይደፈንና ሳይከፈት ብዙ ግድግዳ ይበሳል። የጥቅሙ ቦታ ሰውን ሲመታ ነው፤ ከሳተ ከድፍኑ የተሻለ ነገር የለውም። ስለዚህ የልጆች መኝታ በየት በኩል እንደሆነ፣ የጎረቤት አልጋ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደተጠጋ ዛሬውኑ በቀን ብርሃን አይታችሁ፣ ወደዚያ አቅጣጫ እንደማትተኩሱ ወስኑ።

ሕጉን በአጭሩ። በፌደራል ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው የሽጉጥ ጥይት አይሸጥም። በጉብኝት፣ በትምህርት ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ሽጉጥም ሆነ አንዲት ፍሬ ጥይት መያዝ አይፈቀድለትም፤ ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። የጥገኝነት ውሳኔ የሚጠብቅ ጠበቃ ሳያማክር አይግዛ። ዲሲ ውስጥ ሽጉጥ በስሙ ያላስመዘገበ ሰው ጥይት ይዞ ቢገኝ ይከሰሳል፤ የቨርጂኒያ ፈቃድም እዚያ አይሠራም። ኒው ጀርሲ ሆሎው ፖይንትን ከቤት ውጭ መያዝን በእጅጉ ስለሚገድብ፣ በዚያ በኩል ወደ ኒው ዮርክ የምትሄዱ ከመነሳታችሁ በፊት የመኪናውን መሳቢያና የጃኬት ኪሳችሁን ፈትሹ።

ከአክብሮት ጋር
የሽጉጥ አያያዝ አሠልጣኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ