ፋሻው ተገኝቷል

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባባ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆት በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። በደብዳቤ ያደረግኩት በስልክ የማንጨርሰው ነገር ስለበዛ ነው፤ በስልክ ሲሆን «ካርድሽ ያልቃል» ብለው ይዘጉብኛል። ፊደሉን ያሳደግኩት ለእማዬ ብዬ ነው፤ የምታነብልዎ እሷ ናትና። እማዬ፣ የማይጥምሽን እየዘለልሽ እንዳታነቢ። አውቅሻለሁ።

ያዘዙኝ የሞተር ሳይክልዎ ፒስተን ከነፋሻው፣ ማለትም ከነቀለበቱ፣ ተገኝቷል። ሶማሌ ተራ ስንት ሱቅ እንደዞርኩ አልነግርዎትም። የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ የቦክሰር አለ፣ የቲቪኤስ አለ፣ የቻይና አለ፣ የእርስዎ የለም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከመደርደሪያ ሥር አቧራ የለበሰ ካርቶን ጎትተው አወጡና «ያማሃ ኤጂ መቶ ዛሬም የሚነዳ ሰው አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «አባቴ» አልኳቸው። ስመልስላቸው አንገቴ ቀና ብሎ ነበር፣ እሱን አልደብቅም። ፒስተኑ ከነፋሻው ነው፤ ከመጀመሪያው ልክ በ1.00 ሚሊ ሜትር የሰፋው። ከ0.25 ተነሥተን ሲሊንደሩን በየሬቲፊካው እያስፋቅን እዚህ ደርሰናል። ከ1.00 በኋላ ሲሊንደሩ የሚፋቅ ሥጋ እንደማይኖረው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

የማስነሻ መርገጫዋ ልል እንደሆነ፣ ዳገት ላይም ሦስተኛ ማርሽ አልሸከምም እንዳለች ሲነግሩኝ፣ ገና ሳይጨርሱ ፋሻ መሆኑን አውቄ ነበር። ሞተሯን በብልጭታ የሚያስነሣውን ካንዴላ በቤንዚን አጥቤ በሽቦ ብሩሽ እየፈገፈግኩ ያደግኩ ልጅ ነኝ እኮ። አሰላ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚን ይበዛባትና ካንዴላዋ ይጠቁራል እያሉ የካርቡሬተሩን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ ሲያደርጉ፣ ባትሪ የምይዝልዎ እኔ ነበርኩ። እጄ ዝሎ ብርሃኑ ሲንቀጠቀጥ ይቆጡኝ ነበር። ወንድሜ እጁን አላቆሸሸም፤ መንዳት የተማረው ግን እሱ ነው። ይህን እንዲሁ አነሣሁት፣ ይለፉት።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ሚኒስትሪ ስላለበት ከወዲሁ እያጠና ያመሻል፣ ቢያንስ መጽሐፉን ከፍቶ ያመሻል። ቁመቱ አባቱን አልፏል። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ኮንዶሚኒየም ላይ እጃችን የሚደርስበት ጣራ የለምና በመሐረብ ቋጥራ ለአሰላው ቆርቆሮ አስቀምጣቸዋለች፤ አያቴ ናቸው የሚወረውሩልኝ ትላለች። ለልደቷ ብስክሌት ካልተገዛልኝ ብላ ይዛኛለች። የት ትነዳዋለች? ግቢው በሙሉ መኪና ነው። እርስዎ በመጡ ጊዜም ስንት መኪና እንደቆመ አይተው ተገርመው ነበር። የቤቱ ኪራይ ከመስከረም ጀምሮ ጨምሯል፤ ባለቤቴም ሥራ ቦታ ቀይሯል፣ ትንሽ ራቅ ይላል፣ ግን ይሻላል።

ስለ ቤንዚኑ ደግሞ ልንገርዎ። ማደያው ላይ ሰልፍ ሲበዛብዎ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ከመንገድ እንደሚገዙ ሰምቻለሁ። ላምባ ይቀላቅሉበታል፤ ይህንንም ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የዘይት ፓምፗንም አስነቅለው ዘይቱን በእጅዎ እንደሚቀላቅሉ ሰምቻለሁ። ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ በ20 ሚሊ ሊትሩ የከብት መርፌ ሁለት ጊዜ። ድሮም ፓምፗ ሲበላሽ እንደዚያ ነበር የምንለካው። ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል፣ የኋላ ጎማውም በሩጫ ላይ እያለ ቀጥ ይላል። «ጣት ከፍሪሲዮን አይራቅ» ይሉን የነበረው፣ ሲጨበጥ ጎማውን ከሞተሩ ስለሚያላቅቅ፣ ለዚህ ነው።

አባባ፣ የመርፌው ቁጥር አሁን ይታይዎታል?

መካኒኩ ደውሎልኛል። እባክዎ አይቆጡት፤ እኔ ነኝ አጥብቄ የጠየቅኩት። መጀመሪያ የእግር ማሳረፊያው ለምን እንደተጣመመ ነበር የጠየቅኩት፣ ሌላውን እሱ ቀስ እያለ ነገረኝ። እርስዎ ለእኔ «ውሻ ገባብኝ፣ ትንሽ ተንሸራተትኩ» ነበር ያሉኝ። ውሻ አልነበረም። ጋሪ ነው፤ ፈረስና ጋሪ፣ ከነጭነቱ፣ ከግራ በኩል፣ በጠራራ ፀሐይ። ባለጋሪው ጮኾ ነበር አሉ። እማዬም «ትንሽ ጉልበቱን ተላጠ» ብላ አልፋዋለች። አንቺም ቢሆን እማዬ! የተላጠ ጉልበት በባሕል ወጌሻ አይታሽም።

ሚያዝያ ላይ እዚህ መጥተው ዓይንዎን ያየዎት ሐኪም ያለውን ሁለታችንም ሰምተናል፤ እርስዎ ግን እኩሌታውን ብቻ ይዘው ወደ አሰላ የተመለሱ ይመስለኛል። ያ ጨለማ ክፍል ትዝ ይልዎታል? አገጭዎን አስደግፈው፣ ብርሃን በታየዎ ቁጥር ቁልፏን ይጫኑ ተብለው ነበር። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ማሽኑ ተበላሽቷል» አሉ። ማሽኑ አልተበላሸም ነበር፣ አባባ። በግራ ዓይንዎ በኩል ብርሃኑ እየበራ ነበር።

ግላኮማ የሚያሳዝነው ፊት ለፊት ያለውን መጨረሻ ላይ የሚወስድ መሆኑ ነው። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ይጎዳውና መጀመሪያ ጎን ለጎን ያለው ይጠፋል፤ ሰውዬው ፊደል ያነባል፣ የሰው ፊት ይለያል፣ ስለዚህ ደህና ነኝ ይላል። የጠፋው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው እንጂ የሄደውን ለመመለስ አይደለም፤ «ጠብታው አልረዳኝም» ብለው ያቆሙት እሱን ነው። የዓይን ሞራ ቢሆን ኖሮ በቀዶ ሕክምና ይነሣ ነበር፤ ይኼ እንደዚያ አይደለም። መንጃ ፈቃድዎን ሲያሳድሱ የዓይን ምርመራውን እንዴት እንዳለፉት አልጠይቅም። መጠየቅ የሚገባኝ ሌላ ሰው ነው፣ እሱንም አላውቀውም።

በ2011 መጨረሻ አዲስ አበባ ሞተር ሳይክል ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይነዳ ሲከለከል «ሌባ በሞተር ዘረፈ ብሎ ሞተር መከልከል፣ በጫማ ቢሮጥ ጫማ ሊከለክሉ ነው?» ብለው ስቀው ነበር። እኔም አብሬ ሳቅኩ። በሆዴ ግን አሰላም በተከለከለ ብዬ ተመኝቻለሁ። መንግሥት ቢከለክልዎ እኔ ባላስፈለግኩ ነበር።

ያቺ ሞተር ያበላችን መሆኗን አልረሳሁም። ከዴራ ቆላ እስከ ጭላሎ ግርጌ የከብት ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ኋላዋ ላይ አስረው፣ በረዶው ሳይቀልጥ ለመድረስ ሲከንፉ የኖሩባት ናት። በሰኔ 2003 የከብት ደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ማድረግዎን እማዬ ነግራኛለች። በዓመቱ ጡረታ ሲወጡም መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያወጣት ገዟት። ማንም ሌላ ሰው ቢገዛት እኔም እናደድ ነበር። ለዚህ ሁሉ አመሰግናለሁ። ያስተማሩንም በዚያችው ነው።

ግን አባባ፣ ያ በግ።

1986 ዓ.ም.፣ እኔም የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና የተፈተንኩ ዕለት። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ እየወረደ ነበር። እንዲያደርሱኝ ማታ ለምኜዎት «የኋላው ለሰው የተሠራ አይደለም፣ የጭነት ብረት ነው፣ ሴት ልጅ ደግሞ» ብለውኛል። እውነት ነው፣ ለጭነት የተሠራ ብረት ነው፤ ወንድሜ ግን ጋቢ ታጥፎ እየተነጠፈለት ስንት ቀን ተቀምጦበታል። በእግሬ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ በላስቲክ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ድልድዩን እንዳለፍኩ ድምፅዋን ሰማሁ፤ ከመቶ ሞተር መሐል እለየዋለሁ። ዞሬ ጠበቅኩ። እጄንም አነሣሁ። አለፉኝ። ከኋላዎ በግ ታስሯል፣ የሆነ ሰው በግ፣ የዝናብ ላስቲክ ለብሶ። ፓራፋንጎዋ የረጨው ጭቃ መፈተኛ ካርዴ ላይ ሳይቀር ደረሰ። ማታ ስጠይቅዎ «አላየሁሽም» አሉኝ።

ያን ጊዜ ዓይንዎ ደህና ነበር።

ፈተናውን አልፌዋለሁ፣ ሌላውንም አልፌዋለሁ፤ ይኼን ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። ዛሬ ያው መንገድ ላይ ቆሜ፣ ከግራ በኩል እጄን ባነሣ፣ አላየሁሽም ቢሉኝ አምንዎታለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ማመኔ ነው። ክረምት ላይ ልጄን ከኋላዎ ጋቢ አጥፈው ሲያስቀምጡት በረንዳ ላይ ቆሜ አየሁ። ትንሿንም እስከ አደባባዩ ወስደው መለሷት፣ ሴት ልጅ ደግሞ አላሉም። ቀናሁ፤ በአርባ አምስት ዓመቴ በሰባት ዓመት ልጄ ቀናሁ። ወዲያው ደግሞ ሆዴ ራደ፤ በግራ በኩል ሚኒባስ እየወጣ ነበር፣ እርስዎም አንገትዎን አላዞሩም። ሚኒባሱ ነው የቆመው።

እማዬ፣ እዚህ ጋ ቆም ብለሽ ሻይ ስጪያቸው።

ፒስተኑ መሥሪያ ቤት፣ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። አልልከውም። ይቆጣሉ፣ አውቃለሁ፤ በራስዎ ልከው ሌላ ሊያስገዙም ይችላሉ፤ ግን ሽማግሌው ከዚህ ሌላ የለኝም ብለውኛል፣ እኔም ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሞተሯን ይሽጧት አላልኩም። ሊብሬዋ በስምዎ ይቆይ፣ በረንዳው ላይ ትቁም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥቧት። መንገድ ላይ ግን አትውጣ። ሳጉሬ ላለው መድኃኒት ቤትዎ ሚኒባስ አለ። «ካልሞላ አይነሣም» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ዘግይተው ይክፈቱ፣ የታመመ ከብት ያለው ሰው ይጠብቅዎታል፣ ይህን ያህል ዓመት ጠብቀውዎት የለም እንዴ። የሚኒባሱን ወጪ ከእኔ ደመወዝ በየወሩ በባንክ አስገባለሁ፣ በዚህ አንከራከር።

ታኅሣሥ 13 ቀን ለሁለታችንም ቀጠሮ ይዣለሁ። ለሁለታችን ያልኩት ነገሩ ከወላጅ ወደ ልጅ ሊወርድ ስለሚችል እኔም መታየት አለብሽ ስለተባልኩ ነው። ፈርቼ ሳዘገየው ቆይቻለሁ፤ አብረው ቢመጡልኝ ይሻለኛል። ወንድሜ ከአዳማ መጥቶ በመኪናው ያመጣዎታል፣ ተነጋግረናል። እስከዚያው ጠብታው ማታ ማታ ይግባ፤ እማዬ ታድርግልዎ፣ በራስዎ ሲሆን ጉንጭዎ ላይ ነው የሚፈሰው። ሠራተኛዋ ልጅ በስልኳ ማስታወሻ ደወል እንድትሞላ ነግሬያታለሁ።

ሞተሯ ቆማ ስትከርም የካርቡሬተሩ ሳህን ውስጥ የሚቀረው ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ስለሚይዝ፣ የቤንዚን መዝጊያዋን ዘግተው ከሥር ያለውን ብሎን ፈትተው ያፍስሱት። ጎማዎቿም በአንድ ጎን እንዳይተኙ በሳምንት አንዴ ገፋ ያድርጓት። ያፈሰሱትን ቤንዚን ግን ማድ ቤት አጠገብ አያስቀምጡት፤ እማዬ አሁንም በከሰል ነው የምታበስለው።

ልጅዎ