ብርህ ሞተሩ ውስጥ ነው

ጅማ፣ ኅዳር 2018

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጆቹ አድገዋል፤ ትንሹ በቁመት ሊያልፈኝ ምንም አልቀረው።

ለምን እንደጠፋሁ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። 60 ሺህ ብርህን ይዤ ነው የጠፋሁት። መጀመሪያ ቡናው ሲሸጥ እከፍለዋለሁ አልኩ። ቡናው ተሸጠ፣ ብሩ ሌላ ቀዳዳ ደፈነ። ከዚያ ስልክህን ማንሳት አፈርኩ። አንድ ቀን ያላነሳሁት ስልክ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት ሆነ፣ ይኸው አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። አንተ ደግሞ በላክልኝ የበዓል መልእክት ሁሉ ስለ ብሩ አንዲት ቃል አልተነፈስክም። የባሰብኝ እሱ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ገበያ ላይ እህትህን አገኘኋት። ፒክአፕ ልትገዛ ደላላ ይዞህ እየዞረ ነው አለችኝ። ይህን ሰምቼ ዝም ብል ከብድሩም የከፋ ነውር ይሆንብኛል።

ጋሼ፣ ያ ፒክአፔ፣ አለ። አሁንም ይሠራል። ስሙን ያወጡለት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት እያሳለ ስለሚነሳ። ያኔ በ2008 መኪናውን ከአንድ ድርጅት በጨረታ ያወጣውን ሰውዬ አንድ ላይ ሆነን ስንከራከረው ትዝ ይልሃል? ደብል ጋቢና ሃይሉክስ፣ ኤል ኤን 106 የሚባለው ዓይነት፣ ሞዴሉ በፈረንጆቹ 1996። በ380 ሺህ ገዝቼው "ተበላህ" ብለኸኝ ነበር። አሁን ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሰጡኝ ሰዎች አሉ። እኔ ጎበዝ ነጋዴ ሆኜ አይደለም። በ2012 የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ መጣ፣ ያገለገለ መኪና ማስገባት እሳት ሆነ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ብሩም ረከሰ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ ወርቅ ሆነ። ስለዚህ ደላላው ዋጋ ሲጠራልህ አትደንግጥ፤ ግን ዋጋው ስለ መኪናው ጤና ምንም አይነግርህም።

አሁን ያንተ ብር የት እንደገባ ልንገርህ። ያኔ በስልክ እያለቀስኩ ስለነበር በቅጡ አላስረዳሁህም።

ጥር 2013 ነው። ከአጋሮ ጀንፈል ጭኜ እየተመለስኩ ነው። አቀበት ላይ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ስወጣ ሞተሩ ጭጭ አለ። ጭስ የለም፣ ጩኸት የለም። አንዲት "ጠቅ" ብቻ። ባትሪ መስሎኝ ደጋግሜ አስነሳሁ፤ ለካ እሱም ጥፋት ነበር። የሞተሩን የላይና የታች ክፍል አንድ ላይ የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ ኖሯል። ሻጩ "ቺንጋው አዲስ ነው፣ አሁን ነው ያስቀየርኩት" ብሎኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ተኛሁ። ያን ሌሊት ጆንያው ላይ ተኝቼ ቡናዬን ስጠብቅ አደርኩ። ብርዱን አትጠይቀኝ።

በማግስቱ ተጎትቼ ጅማ ገባሁ። መካኒኩ ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ አወረደና አንዷን ቫልቭ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ድንጋይ ላይ እንደተመታ ምስማር ጎብጣለች። ቺንጋው ሲበጠስ ከላይ ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋው ይቆማል፣ ከታች ፒስተኑ ገና እየወጣ ነው፣ ቫልቩን ይገጨዋል። ናፍጣ ሞተር ውስጥ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከምንም አይቆጠርም። ቫልቭ፣ ጓርኒሲዮን፣ የቴስታታ ሥራ፣ የእጅ ዋጋ፤ ያንተ 60 ሺህ እዚያው ውስጥ ገባ። ያቺን የጎበጠች ቫልቭ እስከ ዛሬ ክሩስኮቱ ላይ አስቀምጫታለሁ። ተሳፋሪ ሁሉ ምንድን ናት ይለኛል። የወንድሜ ብር ናት እላለሁ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቺንጋ ያለው ማንኛውንም መኪና ከገዛህ ሻጩ በቁርዓንም ሆነ በመስቀል ቢምል ቺንጋውን በራስህ ብር ቀይር። እኔ አሁን በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ፤ የቀየርኩበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ኮፈኑ ውስጥ በነጭ ቀለም ጽፌዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ወርዶ አያውቅም። ሌላ ነገር አልተበላሸም ማለቴ አይደለም! ባሌስትራ ሰብሯል፣ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታ በልቷል። ግን የሚበላሸው ሁሉ ጅማ ውስጥ የሚሠራ ነው። ይህን ነው ደላላው የማይነግርህ። የጋሼ 3ኤል ሞተር ኮምፒውተር የለውም፣ ቱርቦ የለውም፤ የናፍጣ ፖምፓው የድሮ ነው። መፍቻ የያዘ፣ ጆሮ ያለው መካኒክ ይበቃዋል። በፈረንጆቹ ከ2005 ወዲህ የመጡት ሃይሉክሶች ጉልበታም ናቸው፣ ምቾትም አላቸው፤ አልዋሽህም፣ የጎረቤቴን ስነዳ እቀናለሁ። የእኔ ወደ 90 ፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያለው፤ የጊቤን አቀበት ስወጣ አይሱዙ ጥሩምባ ይነፋብኛል። የፊቱም የኋላውም ባሌስትራ ስለሆነ ኩላሊት ያወርዳል። ግን የአዲሶቹ ኢንጀክተር፣ ናፍጣ የሚረጨው ማለቴ ነው፣ ቆሻሻ ናፍጣ አይወድም። እኛ ጋ ደግሞ ናፍጣ ሲጠፋ በጀሪካን የምንገዛውን አንተም ታውቀዋለህ።

አንድ ነገር ላሳይህ። ባለፈው ክረምት ናፍጣ ጠፍቶ ከመንገድ ዳር 20 ሊትር ገዛሁ። ሊሙ መንገድ ላይ ሞተሩ ይንተፋተፍ ጀመር፣ ክሩስኮቱ ላይም የናፍጣ ማጣሪያው፣ የፊልትሮው፣ መብራት በራ። ዝናቡ ይወርዳል። ኮፈኑን ከፍቼ፣ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ቡሎን አላልቼ የውኃ ኮዳዬን ቆርጬ ደቀንኩ። መጀመሪያ የወረደው ጥርት ያለ ውኃ ነው፤ ግማሽ ስኒ ይሆናል። ከዚያ ቡናማ ዝቃጭ፣ ከዚያ ናፍጣ። መልሼ አጠበቅኩና ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክር ድረስ ተጫንኳት። ተነሳ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ያን ውኃ ስስ ኢንጀክተር ቢጠጣው ኖሮ ይኼኔ ሌላ ብድር ልጠይቅህ ነበር የምጽፈው።

የእኔ ጥፋት የሆነም አለ። አንድ ዓመት ጨው ጫንኩ። የኋላውን የጭነት ቦታ የጎማ ምንጣፉን ሳላነሳ፣ ሳላጥብ ተውኩት። የጅማ ዝናብ ተጨመረበትና ላሜራውን እንደ ምስጥ በላው። አሁን እዚያ ላይ ቁራጭ በቁራጭ ተበይዷል። ስለዚህ ስታይ ቀለሙን አትይ፤ ቀለም በሳምንት ይቀባል። ተንበርክከህ ከሥር ሻንሲውን፣ መኪናውን የተሸከመውን ብረት፣ እይ፣ በተለይ ከኋላ ባሌስትራው የሚታሰርበትን። የፊት ጎማዎቹ ጀርባ ያለውን ኳስ የሚመስል ብረትም በጣትህ ዳስሰው፤ ጥቁር ግራሶ ተዝረክርኮ ካየህ ግራሶውን የሚይዘው ጎሚኒ አልቋል፣ ዋጋ አስቀንስበት።

ቆጣሪውን አትመን። የፍሪሲዮን መርገጫውን ጎማ እይ። 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ያለ መኪና ፔዳሉ እንደ ጠጠር ልሙጥ ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ በላይ ግን ጠዋት ሂድ፣ ሳትነግራቸው። ሞተሩን በእጅህ ንካ። ትኩስ ከሆነ ቀድመው አስነስተውታልና ተመለስ። ቀዝቃዛ ከሆነ ራስህ አስነሳው፣ ሲሞቅ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት። እፍ እፍ እያለ ጭስ የሚተፋ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፤ ያ ሞተር መውረዱ አይቀርም። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ጋር ሳታመሳክር፣ ዕዳና እገዳ የለበትም የሚል ማስረጃ ሳይሰጥህ ቀብድ እንዳትሰጥ። ደላላው "ሌላ ሰው ሊወስደው ነው" ይልሃል። ይውሰደው።

ወደ ዕዳዬ ልመለስ። የሂሳብ ቁጥርህን ላክልኝ። 60 ሺው ተዘጋጅቷል። የዛሬው 60 ሺህ የ2013ቱ 60 ሺህ እንዳልሆነ አላጣሁትም፤ ያኔ ቴስታታ ያሠራ ብር ዛሬ ጎማ ገዝቶ አይጨርስም። ልዩነቱን አስልቼ መክፈል አልችልም፣ አንተም አትቀበለኝም። ስለዚህ ሦስት ፈረሱላ ቡና ለእህትህ እሰጣታለሁ፣ ከራሴ ጓሮ፣ ተለቅሞ የተበጠረ። ጋሼ ራሱ ነው መናኸሪያ የሚያደርሰው።

መኪናውን አግኝተህ ከተጠራጠርክ ደውልልኝ፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጬ እመጣለሁ። ስልኩን አነሳለሁ።

ጆንያዎቹን ግን መልስልኝ፤ ዘንድሮ ጆንያም ተወዷል።

ያንተው