የተራራው የብስክሌት ጉዞ፦ እስከ ሐሙስ ማታ መልስ እንጠብቃለን

ውድ አባላት፣

የተራራውን ጉዞ መንገድ የምንወስነው በዚህ ሳምንት ነው። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት በተለመደው መሰብሰቢያችን እንገናኝ። ብስክሌታችሁንና ለጉዞው ያሰባችሁትን ዕቃ በሙሉ ይዛችሁ ኑ። እንደጫንን አንድ ዳገት እንሞክራለን፤ ክብደቱ የሚታወቀው እዚያ ነው።

የምንወስነው አጭሩን ወይስ ረጅሙን መንገድ እንደምንይዝና በቀን ስንት እንደምንጓዝ ነው። እባካችሁ ኪሎ ሜትሩን ብቻ አትዩ። ዕቃ ለጫነ ሰው 1,000 ሜትር ዳገት ያለበት 50 ኪሎ ሜትር ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከወጣ ደግሞ የማደሪያችን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው ወደ ላይ መቀጠል የለበትም። እኔ አጭሩን መንገድ እመርጣለሁ። እንዲህ ያለ አገር እየተጣደፉ አይታለፍም፤ ቆም ብለን የምናይበት ጊዜ ይኑረን።

ፍሬናችሁን ከቅዳሜ በፊት አስፈትሹ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ ጎማውን ያግላል፤ ያዝ ለቀቅ ማድረግ ነው። ለመውረጃ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት አይቅር። ወደ ላይ ስንወጣ በየ1,000 ሜትሩ ቅዝቃዜው በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፣ ላብ ላይ ሲሆን ይብሳል። ትርፍ ከመነዳሪና መንፊያም ያዙ።

እስከ ሐሙስ ማታ «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» በሉን፤ አጭሩን ወይስ ረጅሙን መንገድ እንደምትመርጡም ጨምሩ። የጤና ጉዳይ ያለበት ለብቻዬ ይጻፍልኝ።