ለአጎቴ ኮምፒውተር ስለሸጣችሁልን የማይሆኑ መለዋወጫዎች የቀረበ ቅሬታ

ለኮምፒውተርና መለዋወጫ መሸጫ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተሸጡልን መለዋወጫዎች እንዲቀየሩና ገንዘብ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ከሱቃችሁ ፓወር ሳፕላይ (ኃይል ሰጪ)፣ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና ሃርድ ዲስክ (ሰነድ ማከማቻ) የገዛነው ለአጎቴ ኮምፒውተር ነው። አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህርና የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ናቸው። ኮምፒውተራቸው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ይባላል። መብራት ሄዶ በድንገት ሲመለስ ፓወር ሳፕላዩ ተቃጠለ፤ ሃርድ ዲስኩም ከዚያ በፊት ጀምሮ እየተንቋቋ ያስቸግር ነበር። ማዘርቦርዱ (ዋናው የውስጥ ሰሌዳ) እና ፕሮሰሰሩ ደህና መሆናቸውን ከወዳጄ በተዋስኩት ተመሳሳይ ፓወር ሳፕላይ አስነሥቼ አረጋግጫለሁ።

«አሮጌ ነው፤ ጣሉትና ሌላ ግዙ» ብላችሁናል። አጎቴ ግን የማይጥሉበት ምክንያት አላቸው። የእድሩ የአባላት መዝገብ፣ የወርሃዊ መዋጮው ሒሳብና ቃለ ጉባኤው ለዓመታት የተጻፉት በዚህ ኮምፒውተር፣ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። የፊደሉ ፕሮግራም ባልተጫነበት ማሽን ላይ ያንን ሰነድ የሚከፍት ሰው የሚያየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ማሽኑም ራሱ አላረጀም፤ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር አለው፣ እስከ 32 ጊጋባይት ራም ይቀበላል። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ይህ ይተርፋል።

ቅሬታዬን ያከበደው ዕቃዎቹን የመረጣችሁት እናንተ መሆናችሁ ነው። የማሽኑን ሞዴል በወረቀት ጽፈን፣ ኬዙን ከፍተን ያነሣነውን ፎቶ ይዘን፣ የተቃጠለውን ፓወር ሳፕላይ ሳይቀር በፌስታል ተሸክመን መጥተን «ለዚህ የሚሆነውን ምረጡልን» አልን። የሽያጭ ሠራተኛችሁ ፎቶውን አየ፤ አሮጌውን ፓወር ሳፕላይ እያገላበጠ ተመለከተ። ከዚያም «ጋሼ፣ አይስጉ፤ ይህ ለሁሉም ዴስክቶፕ ይሆናል» ብሎ ዕቃዎቹን ከመደርደሪያ አወረደ። አጎቴም ቃሉን አምነው ከፈሉ።

በብዙ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ማዘርቦርዱ ዋናውን ኃይል የሚቀበለው ባለ 24 ፒን፣ ማለትም 24 የብረት መገናኛ ባለው ሶኬት ነው። የኦፕቲፕሌክስ 9020 ዋና ሶኬት ግን ባለ 8 ፒን ነው። አሮጌው ፓወር ሳፕላይ ጠረጴዛችሁ ላይ ተቀምጦ ስለነበር የገመዱን ጫፍ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር፤ የተሰጠን ግን ባለ 24 ፒኑ ነው። ከ24 ወደ 8 የሚያሸጋግር ገመድ በገበያ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። በእርሱ ታስቦ ከሆነም አብሮ ሊሸጥልን፣ ወይም ቢያንስ ሊነገረን ይገባ ነበር።

የራሙ ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም እርሱ ይገጥማል። ሁለቱም ባለ 8 ጊጋባይት ራሞች ማሽኑ የሚቀበለው ዲዲአር3 የሚባለው ዓይነት በመሆናቸው ማስገቢያው ውስጥ ያለ ችግር ገቡ። በተዋስኩት ፓወር ሳፕላይ ስሞክረው ግን ኮምፒውተሩ አልነሣ አለ፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። የድሮውን ራም ስመልስለት ወዲያው ተነሣ። አዲሶቹን ወደ መስኮት አስጠግቼ መለያቸውን ሳነብ 12800 ከሚለው ቁጥር ቀጥሎ «አር» የሚባለው የላቲን ፊደል ታትሞባቸዋል። ይህ የሰርቨር፣ ማለትም ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያገለግል ማሽን፣ ራም ምልክት ነው፤ ለአጎቴ ኮምፒውተር የሚሆነው በዚያው ቦታ «ዩ» የተጻፈበት ነው። የሰርቨሩ ራም መካከሉ ላይ ተጨማሪ ቺፕ አለው፤ ይህ ማዘርቦርድ ደግሞ እንዲህ ካለው ራም ጋር አይሠራም። ራም የሚሸጥ ሰው ይህን ፊደል ሳያነብ ለደንበኛ ዕቃ ሊመርጥ አይገባም።

ሃርድ ዲስኩ በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ሆኖ፣ በደረሰኙም ላይ «አዲስ» ተብሎ ተሸጠልን። ሃርድ ዲስክ የሠራበትን ሰዓት ራሱ ይመዘግባል፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ማንም ሊያነበው ይችላል። ይህኛው ከ19 ሺህ ሰዓት በላይ ሠርቷል። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ሠራ ቢባል እንኳ ከሁለት ዓመት በላይ ነው። የተበላሹ ሴክተሮችም (መረጃ የሚጻፍባቸው ክፍሎች) አሉበት። የእድሩን መዝገብ ልንገለብጥበት የነበረው በዚህ ዲስክ ላይ ነው! ለቀብር የተዋጣ የሰው ገንዘብ የተመዘገበበትን ሰነድ፣ ማን እንደከፈለና ለማን እንደተከፈለ የሚያሳየውን፣ ዕድሜውን በጨረሰ ዕቃ ላይ አስቀምጠን አንድ ቀን ባዶ እጃችንን እንቀር ነበር።

ዕቃዎቹን ይዘን ስንመለስ ሠራተኛችሁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት በጣቱ አሳየን። አልፎም አጎቴን «ስትገጥሙት ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ» አላቸው። ባለ 24 ፒኑ ባለ 8 ፒን ሶኬት ውስጥ አይገባም፤ ያልገባ ነገር ሲገጠም ተበላሸ የሚባለው እንዴት ነው? ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጅ ያስተማሩ ሰው በደንበኞች ፊት እንደ አታላይ ሲቆጠሩ ቆሜ ማየቴ ከገንዘቡ ይልቅ አንገብግቦኛል።

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ዕቃዎቹን ይዘን የመጣነውም፣ ይህን ደብዳቤ የማስገባውም ጊዜው ሳያልፍ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም።

ስለዚህ ፓወር ሳፕላዩ ለኦፕቲፕሌክስ 9020 በሚሆን ባለ 8 ፒን፣ ራሞቹም «ዩ» በተጻፈባቸው የዴስክቶፕ ራሞች እንዲቀየሩልን እጠይቃለሁ። እነዚህ በሱቃችሁ ከሌሉ የሁለቱም ገንዘብ ይመለስልን። በሃርድ ዲስኩ ምትክ ግን ሌላ ዲስክ አንቀበልም፤ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለስ። ለአጎቴም በሱቃችሁ ውስጥ፣ ያው ሠራተኛ ባለበት ይቅርታ ይጠየቅልን። «አዲስ» ተብለው በመደርደሪያችሁ ላይ የተቀመጡትን ሌሎች ዲስኮችም አንድ በአንድ አስመርምሩ፤ ነገ የሚገዛው ሰው የሠራበትን ሰዓት ማንበብ ላይችል ይችላል።

በአንድ ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ መልስ ካልሰጣችሁን ጉዳዩን ከነማስረጃው ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የገዢው የእህት ልጅ

አባሪ፦ የደረሰኙ ቅጂ፣ የራሞቹ መለያ ፎቶ፣ የሃርድ ዲስኩ የምርመራ ውጤት

ግልባጭ፦ ለአጎቴ