ባለቤታችሁ አገር ቤት ላሉ፦ ስለ ታክስ አሞላል

ውድ የዕድራችን አባላት፣

ሰሞኑን የሚደጋገመው ጥያቄ «ሚስቴ አዲስ አበባ ናት፤ ሲንግል (ያላገባ) ብዬ ልሙላ?» የሚል ነው። አይቻልም። ዲሴምበር 31 ላይ ባለትዳር የሆነ ሰው፣ ሠርጉ በዋዜማው ቢሆን እንኳ፣ በአይአርኤስ (በአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ዘንድ ዓመቱን ሙሉ ባለትዳር ነው።

አብሮ መሙላት ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ የ2025 መደበኛ ተቀናሽ (ታክስ ከመሰላቱ በፊት ከገቢ ላይ የሚቀነሰው) ለባልና ሚስት 31,500 ዶላር፣ ለየብቻ ለሚሞላ 15,750 ነው። ግን አገር ቤት ያለችውን ለመጨመር ሁለታችሁም የፈረማችሁበት መግለጫ ይያያዛል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሌላት በደብልዩ-7 ቅጽ የታክስ ቁጥር ይጠየቅላታል። እዚያ የምታገኘው ደመወዝ፣ የቤት ኪራዩም ሳይቀር፣ እዚህ ይመዘገባል። ይቺን ስንቱ ይረሳታል!

ለየብቻ የሞላ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ አብሮ መቀየር ይችላል። አብሮ የሞላ ግን የማስገቢያው ቀን ካለፈ መመለሻ የለውም።

ግር ያላችሁ እሁድ ከስብሰባው በኋላ ደብልዩ-2 (ከአሠሪያችሁ የሚሰጣችሁን የዓመቱን የደመወዝ ማስረጃ) ይዛችሁ ጠብቁኝ።