የፍሬን አየር ለማስወጣት የግድ ስካነር ያስፈልጋል ወይ?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ መኪና ጥገና የምታወጡትን ስለምከታተል ይቺን ጉዳይ ብታነሷት ብዬ ነው የምጽፈው። አሮጌ ፎርዊል ያለው ሰው የፍሬን ዘይት ይቀየርልኝ ሲል አንዱ ጋራዥ "ስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው ማሽን) ካልተሰካ ፍሬን ቱቦው ውስጥ የገባው አየር አይወጣም" ይለዋል፣ ሌላው ጋ ሲሄድ ደግሞ "ተወው ባክህ፣ እኛ ድሮም በእግር ፓምፕ አድርገን ነው የምናወጣው" ይባላል፣ ሁለቱም አባባል ለሁሉም መኪና አይሰራም፣ ፍሬን ደግሞ በግምት የሚነካካ ነገር ስላልሆነ በጣም ያሳስበኛል።

መጀመሪያ መኪናው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ሲስተም) አለው ወይ? ብዙ አሮጌ ላንድክሩዘር 70 ኤቢኤስ የሚባል ነገር የለውም፣ ታዲያ ስካነሩ ምኑን ነው የሚያናግረው? እነሱ ላይ የሚረሳው ሌላ ነው፣ ከኋላ አክስል በላይ እንደ ጭነቱ የኋላ ፍሬን ግፊት የምታስተካክል ቫልቭ አለች፣ ብዙ ቶዮታ ላይ የራሷ አየር ማስወጫ ብሎን አላት፣ አራቱ ጎማ ተሰርቶ እሷ ከታለፈች ፔዳሉ እንደላላ ሊቀር ይችላል። መኪናው ተሰቅሎ አክስሉ ከተንጠለጠለ ደግሞ ቫልቯ ጭነት የለም ብላ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት ትቀንሳለች፣ ስለዚህ ክብደቱ ጎማው ላይ እንዳለ ቢሰራ ይሻላል።

ኤቢኤስ ያለው ላይ ነገሩ ይለያል። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የኤቢኤሱ ብሎክ ውስጥ በአዘቦት ዝግ ሆነው የሚቆዩ ቫልቮች አሉ፣ ከጀርባቸው ትንሽ ማጠራቀሚያና ፓምፕ አለ፣ ፔዳል በመርገጥ ብቻ ዘይቱ እዛ አይደርስም። ለተራ ዘይት ቅያሪ፣ የዘይት ጠርሙሱ እንዳይደርቅ እየተሞላ ከተሰራ፣ አየር እዛ ድረስ ስለማይገባ አብዛኞቹ ላይ ስካነር አያስፈልግም። ብሎኩ ራሱ ከተቀየረ ወይም ዘይቱ አልቆ አየር ከሳበ ግን ያስፈልጋል፣ ስካነሩ ቫልቮቹን እየከፈተ ፓምፑን ያዞርና የተደበቀውን አየር ወደ ቱቦው ያመጣዋል። ወደ ቱቦው ነው እንግዲህ፣ ከመኪናው አላወጣውም! ከዛ በኋላ በየጎማው በእጅ ማስወጣት የግድ ነው፣ ማሽኑ ስክሪን ላይ "ተጠናቋል" ስላለ ብቻ ቁልፍ የሚያስረክብ መካኒክ ግማሽ ስራ ነው የሰራው።

የትኛው ስካነር የሚለውም አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያስገደደችው ኦቢዲ 2 (ስካነር የሚሰካበት የመኪና መመርመሪያ ደረጃ) የተሰራው ለጭስ ቁጥጥር ነው፣ ኤቢኤሱን እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ቋንቋ ነው የሚያናግረው፣ ስለዚህ የሞተር ኮድ የምታነበዋ ትንሿ የብሉቱዝ እቃ እዚህ አትጠቅምም፣ የኤቢኤስ ኮድ የሚያነብ ሁሉም ቢሆን አየር ማስወጫ ፋንክሽን የለውም። ላንድሮቨር ዲስከቨሪ 2 ለምሳሌ የኤቢኤስ ብሎኩ (ሞዱሌተሩ) ሲቀየር አየሩ እንዲወጣ ፋብሪካው ያዘዘው ቴስትቡክ በሚባለው የራሱ ማሽን ነበር። ባትሪውም ይታሰብበት፣ ፓምፑ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚበላ ባትሪው ከደከመ መሀል ላይ ሊያቋርጥ ይችላል፣ ቻርጀር ይሰካለት።

በጣም የምፈራው ግን በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሰራ የፍሬን ቡስተር (የእግርን ጉልበት የሚያግዘው እቃ) ያላቸውን ነው፣ አንዳንድ ላንድክሩዘር 100 እንደዛ ነው። እነሱ ላይ የኋላው ያለ ስካነርም ይወጣል፣ ቁልፍ ከፍቶ ፔዳሉን ረግጦ ሲያዝ ፓምፑ ራሱ ዘይቱን ይገፋዋል፣ ግን በፍጥነት ስለሚጨርስ ጠርሙሱን ሳያቋርጡ መሙላት ነው። ከቡስተሩ ጋር የተያያዘ ቱቦ ከመፈታቱ በፊት ደግሞ ቁልፍ ተዘግቶ ፔዳሉ 40 ጊዜና ከዛ በላይ ደጋግሞ ይረገጥ፣ ውስጡ የታመቀው ግፊት ሰው ይጎዳል።

ዘይቱም ዝም ብሎ አይገዛ። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይችላል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ 140 ነው፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚበጥሰው አንዱ ይሄ ነው። ከሲሊኮን የሚሰራው ዶት 5 ከዶት 3 ጋር አይቀላቀልም።

እባካችሁ አንድ የሚያውቅ መካኒክ አነጋግራችሁ የትኛው አሮጌ ፎርዊል የትኛው የፍሬን ሲስተም እንዳለው በሞዴልና በዓመት ለይታችሁ አውጡልን፣ ጋራዥ ስንሄድ ይዘነው እንድንሄድ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ